የሁለት ወረዳ አውጫጭኝ

የተገኙት እነዚህ ነበሩ። ከወንዙ በላይ በኩል፣ ከወይራው ሥር፣ የላይኛው ወረዳ ገዥ በተጣጣፊ ወንበር ተቀምጠዋል፤ ከኋላቸው ጥቁር ጃንጥላ የዘረጋ አሽከር፣ ከቀኛቸው ጸሐፊያቸው፣ ከጸሐፊው ጀርባ ጠመንጃ ያነገቱ ነጭ ለባሾች ቆመዋል። ከማዶ፣ ልክ ፊት ለፊት፣ የታችኛው ወረዳ ገዥ ተቀምጠዋል። እርሳቸውም ወንበር፣ እርሳቸውም ጃንጥላ፣ እርሳቸውም ጸሐፊ አላቸው። በእርሳቸው በኩል ዛፍ ስላልነበረ ጃንጥላው የእውነት ያገለግላቸው ነበር። ከየገዥው ኋላ የየወረዳው ወንድ ሁሉ በየዳገቱ ላይ ተደርድሮ ተቀምጧል። በመካከል፣ ውኃው ሸሽቶ ጠጠሩ በወጣበት፣ ከየወረዳው እኩል የተመረጡ ሽማግሌዎች ድንጋይ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ከሽማግሌዎቹ አጠገብ፣ በጠጠር ላይ እኩል መቆም ካቃታት የትምህርት ቤት ጠረጴዛ ኋላ፣ እኔ አለሁ። ከሁሉም ዝቅ ብሎ፣ ከቀረችው ኩሬ ዳር፣ በሬዋ የተሰረቀባት ሴት ቆማለች። ተቀመጭ ያላት አልነበረም፤ በየትኛው ዳር እንደምትቀመጥ ገና አልተወሰነም።

አሁን በእርጅናዬ ከልጄ ቤት ቴሌቪዥን አያለሁ። የሁለት ክልል መሪዎች በትብብር ለመሥራት ተስማሙ ሲባል ሰዎቹ ተሰልፈው ይታያሉ። ልጄ የሚሉትን ያዳምጣል። እኔ ማን ከማን ቀኝ እንደቆመ አያለሁ። ከዚያ ወንዝ የተረፈኝ ልማድ ነው።

ጎንደር ከተማ ተወልጄ፣ ሁለተኛ ደረጃን እዚያው ጨርሼ፣ መጀመሪያ የተመደብኩት ወደ ዛሪማ ከሚወስደው የጣሊያን መንገድ ወጣ ብላ በምትገኝ ትንሽ ትምህርት ቤት ነበር። ደመወዜ ከጎንደር ይመጣል። ስለዚህ የላይኛው ወረዳም የታችኛውም ሰው አልነበርኩም። ይህ ጉድለት አንድ ቀን እንደ ሙያ ይቆጠርልኛል ብዬ አላሰብኩም።

ያኔ የምኖረው በሬዋ ከተሰረቀባት ሴት ግቢ በአንዲት ትንሽ ቤት ነበር። ባሏ ሞቷል፤ ልጅ አልነበራትም። ቤቷ ከወንዙ በላይ፣ በላይኛው ወረዳ ነው፤ እርሻዋ ከወንዙ ማዶ፣ በታችኛው። ባሏ በሕይወት ሳለ ይህን ማንም ልብ ብሎት አያውቅም፤ ሰውየው ጠዋት ወንዙን ተሻግሮ አርሶ ማታ ይመለሳል። እርሱ ከሞተ በኋላ ሁለት በሬ ይዛ ቀረች፤ አንድ ዘመዷ በቀን ምግቡ እየመጣ ያርስላት ነበር። ያ ጥማድ ሳለ ማንም ምንም አላላትም።

በሚያዝያ አንደኛው፣ ግንባሩ ነጭ የሆነው ቦራው በሬ፣ ከማዶ ከግጦሽ ተሰረቀ።

የቀረው አንድ በሬ ነው፤ በአንድ በሬ ደግሞ አይታረስም። በዚያ ወቅት የሰው በሬ የሚገኘው ባለቤቱ የራሱን አርሶ ከጨረሰ በኋላ ነው። ይህን ከሁሉ ቀድሞ ያሰበው ዋርሳዋ፣ የሟች ባሏ ወንድም ነበር። በታችኛው ወረዳ የሚኖር፣ የደንብ ሰላምታ የሚያውቅ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው። በሬው በጠፋ ማግስት መጥቶ፣ ከበራፏ ቆሞ፣ መሬቱ ጦም እንዳያድር እኔ እያረስኩ እኩል ላካፍልሽ አላት። እርሷም እግዜር ይስጥልኝ፣ በሬዬ ይገኛል አለችው። እርሱ ከሄደ በኋላ ወደኔ ዞረች።

«ዘንድሮ ካረሰው፣ ለከርሞ መሬቱ የወንድሜ ነው ይላል» አለችኝ። «እኔ እሱን ለማስለቀቅ ጎንደር ከችሎት በር ስቀመጥ አርጅቼ እሞታለሁ።»

ስለዚህ ሁሉም ነገር በበሬው ላይ ነበር።

በአገሩ ልማድ የተሰረቀን ከብት በዱካው ይከተሉታል። ዱካው የገባበት አገር ሰው ዱካውን ከአገሩ አውጥቶ ማሳየት አለበት፤ ካላሳየ ይከፍላል። የቦራው ዱካ ከግጦሹ ወርዶ ወንዙ ውስጥ ገባ። ከጠጠሩ ላይ ጠፋ። ወንዙ ደግሞ የሁለቱ ወረዳ ድንበር ነው፤ የማንም አይደለም። ሌባው ሕግ ያነበበ ይመስል ነበር።

ሴትዮዋ ወደ ላይኛው ወረዳ ሄደች። በሬው የጠፋው ከታችኛው መሬት ነው፣ ወደዚያ ሂጅ አሏት። ወደ ታችኛው ወረደች። ዱካው ከእኛ ወጥቷል፣ ወንዝ ገብቷል፣ አንችም የላይኛው ሰው ነሽ፣ ወደ ገዥሽ ሂጅ አሏት። ይህን ስትመላለስ ሰነበተች። በመጨረሻ ከጎንደር፣ ከበላይ፣ ሁለቱ ወረዳዎች ተባብረው ነገሩን እንዲጨርሱ ቃል መጣ። እስከዚያ ቀን ሁለቱ ገዥዎች በጥምቀት እንኳ ሰላም አይባባሉም ነበር። ቃሉ በመጣ በሳምንቱ ወንድማማች ሆኑ።

ሁለቱም ቀኛዝማች ነበሩ። አንዱ ከሌላው የሚበልጥበት ማዕረግ ቢኖር ኖሮ ያነሰው ወደበለጠው ሄዶ ነገሩ ባጭሩ ያልቅ ነበር። እኩዮች ስለሆኑ አንዱ ወደ ሌላው ግቢ ቢሄድ አጎንብሶ ሄደ ይባላል። ስለዚህ ስብሰባው ወንዝ ውስጥ እንዲሆን ተስማሙ። የሚጽፈውም ከሁለቱ ጸሐፊዎች አንዱ ከሆነ ሌላው እንዳይቀየም፣ ከሁለቱም ያልሆነ ሰው ተፈለገና እኔ ተገኘሁ። ሴት መሆኔ ትንሽ አነጋግሮ ነበር፤ ኋላ ግን የላይኛው ወረዳ ጸሐፊ፣ ሴት ስለሆነች ለማንም አታደላም ብሎ አሳመነ። ይህን ያለበትን ምክንያት እስከ ዛሬ አላገኘሁትም።

ይህ ጸሐፊ ወጣት ነበር፤ አዲስ ቃል ይወዳል። ያኔ ኤርትራ በፌዴሬሽን ከተቀላቀለች ብዙ አልቆየም፤ ከላይኛው ወረዳ ግቢ ያለው ሬዲዮ ቃሉን ደጋግሞ ይናገራል። ከስብሰባው በፊት ጠረጴዛዬ ዘንድ መጣ።

«አንች የተማርሽ ነሽ። ፌዴሬሽን ማለት ምንድን ነው?»

«ሁለት አገር በአንድ ንጉሥ ሥር ሆነው የየቤታቸውን ነገር ለየራሳቸው ሲይዙ ነው» አልኩት።

«እንግዲያው እኛም ፌዴሬሽን ነን።»

«ንጉሡስ አላችሁ። የቀረው የየቤትን ነገር መያዝ ነው።»

«እሱንማ ከተወለድን ጀምሮ ይዘናል» አለና ደስ ብሎት ሄደ።

ጠዋቱ በሰላምታ አለቀ። የላይኛው ገዥ ተነሥተው እጅ ሲነሡ የታችኛው ገዥ ቀድመው የተቀመጡ እንዳይመስሉ ይነሣሉ፤ የታችኛው ሲነሡ የላይኛው እንደገና። እንዴት አደሩ፣ ቤተ ሰብ ደኅና ነው፣ ከብቱ ደኅና ነው ተባባሉ። ከብቱ ደኅና ነው ሲባል ሴትዮዋ ወደ ኩሬው አየች።

ከዚያ ስምምነቱ ተነገረኝ፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ከላይኛው ጸሐፊ፣ አንድ ከታችኛው፣ ተራ በተራ። መጀመሪያ ላይ ስለ ጃንሆይ ጤና ነበር፤ በዚህ ወዲያው ተስማሙ። ቀጥሎ ወንዙ ለሁለቱም ወረዳ እኩል እንደሆነ ተጻፈ። ከዚያ የታችኛው ጸሐፊ ጉሮሮውን ጠርጎ እንዲህ አለ፦

«በሁለቱ ወረዳዎች መካከል ያለው ፍቅር እንዳይደፈርስ፣ የአንዱ ወረዳ ሰው በሌላው ወረዳ ሰው ላይ ቃል እንዳይሰጥ።»

የላይኛው ገዥ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሸጋ ነው» አሉ። «እኛም ልንለው ነበር።»

ጻፍኩ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ የጆሮው ፀጉር የሸበተ ሰው፣ ወደ ጎረቤቱ ዘንበል ብሎ፣ «እንግዲህ ሌባው ከየት ሊመጣ ነው?» ሲል ሰማሁት።

«ከየቤታችን ይፈለጋል» አለው ሌላው።

«ኧረ ከየቤታችንስ ማን ይፈልጋል።»

አውጫጭኝ የሚሉት ይህ ነው፦ ስርቆት የደረሰበት አገር ሰው አንድ ቦታ ይሰበሰባል፤ ሌባው ሳይታወቅ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። እያንዳንዱ ሽማግሌዎቹ ፊት ይቀርባል። የሚያውቀው ነገር ካለ እኔ አየሁ አይልም፤ ወፍ ነገረችኝ ይላል። እንዲህ ከሆነ ጠቋሚው አይታወቅም፤ ቂምም አይያዝበትም። ጥሩ ልማድ ነው፤ ብዙ ከብት አስመልሷል። ግን በአንድ አገር ሰው መካከል ነው። የዚያች ወንዝ ዳር ሰዎች ደግሞ ስለ ራሳቸው ሰፈር ሌባ ምንም አያውቁም ነበር፤ ስለ ማዶው ግን ሁሉን ያውቃሉ። እንዲያ ቢሆን ምን ያስገርማል? የማዶ ዳገት ከበራፍ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የራስን ዳገት ጀርባ የሚያይ የለም።

መጀመሪያ የታችኛው ሰዎች ቀረቡ።

«ወፏ ምን አለችህ?» ሽማግሌው ይጠይቃል።

«ስለ እኛ ሰው ምንም አላለችኝ።»

«ስለሌላስ?»

«ስለሌላ እንዳልናገር ሕግ ወጥቷል።»

«እሽ። ቀጣይ።»

ቀጣዩም እንዲሁ አለ። ከእርሱ ቀጥሎ የመጣው ደግሞ ገና ሳይጠየቅ፣ «የኔም ወፍ ድንበር አትሻገርም» ብሎ አልፏል። ዳገቱ ሳቀ። ጸሐፊዎቹ ዝም በሉ ሲሉ ዳገቱ ዝም አለ፤ ጥቂት ቆይቶ ከሌላው በኩል ሳቅ ተነሣ። ሁለቱ ገዥዎች ሕዝባቸው ሕግ አክባሪ መሆኑን በማየት ረክተው ተቀምጠዋል።

ሴትዮዋ ተስፋ የጣለችው በአንድ ሰው ላይ ነበር። ከእኛ ግቢ በላይ የሚኖሩ፣ አንድ ዓይናቸው የማያይ ሽማግሌ ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ አያ ይላቸዋል። ንብ አላቸው። ቦራው በጠፋበት ማለዳ ቀፎ ሊያዩ ወርደው፣ በሬውን ወንዙ ውስጥ ሽቅብ የሚነዳ ሰው አይተዋል። ሰውየውን ያውቁታል፤ የታችኛው ወረዳ ሰው ነው። ለእርሷ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ነግረዋታል። «በአውጫጭኙ ቀን እናገራለሁ፣ ያለ ልማዱ ብናገር ያስገድለኛል» ብለዋት ነበር። ያን ቀን ስትጠብቅ ነው የሰነበተችው።

የላይኛው ሰዎች ተራ ደርሶ አያ ዱላቸውን እየመረኮዙ ወረዱ።

«ወፏ ምን አለችህ፣ አያ?»

«ብዙ ነው ያለችኝ።»

«ስለ ማን?»

አያ ዱላቸውን ወደ ማዶ አነሡ። የላይኛው ጸሐፊ፣ የገዛ ወረዳቸው ጸሐፊ፣ ተንደርድሮ መጣ።

«አያ፣ ዱላውን ዝቅ አድርገው።»

«ምነው?»

«ዱላም ቃል ነው።»

አያ ዱላቸውን አውርደው ጥቂት አሰቡ። «ደግ። እንግዲያው ስለ ራሴ ወረዳ ሰው ልናገር። ስለ እኔ። ቦራው ሲነዳ እኔ አይቻለሁ።»

«ማን ሲነዳው?»

«እሱን ከልክላችሁኛል።»

ከማዶ ዳገት አንድ ሰው ተነሥቶ ጮኸ። አዲስ ጋቢ ለብሷል። «አያ፣ ያየኸው በጤነኛው ዓይንህ ነው ወይስ በጠፋው?»

«በጤነኛው» አሉ አያ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ። «አሮጌውን ጋቢ ነበር የለበስከው። አዲሱን ከዚያ ወዲህ ነው የገዛኸው።»

ሰውየው ተቀመጠ። እኔ ብዕሬን እንደያዝኩ ወደ ሽማግሌዎቹ አየሁ።

«ይጻፍ?» አልኩ።

የታችኛው ጸሐፊ ወደ ላይኛው ጸሐፊ ተመለከተ፤ የላይኛው ወደ ገዥው። የጆሮው ፀጉር የሸበተው ሽማግሌ፣ «ይኸ ስለ ጋቢ ነው፤ ስለ ጋቢ መናገር አልተከለከለም» አለ።

«ስለ ጋቢ አይጻፍም» አሉ ሁለቱ ጸሐፊዎች ባንድ ላይ። በዚያ ቀን እንዲህ ሲገጥሙ የመጀመሪያቸው ነበር።

የታችኛው ገዥ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «አባት ስለ ወረዳችን ክብር ብለው ዝም በማለታቸው አመሰግናለሁ» አሉ። የላይኛው ገዥ ተነሥተው፣ «ሕዝባችን ጨዋ ነው» ብለው መለሱ። አያ ወደ ቦታቸው ሲመለሱ በሴትዮዋ አጠገብ አለፉ። እርሷም መንገድ ለቀቀችላቸው።

ሌባ ካልተገኘ ልማዱ ግልጽ ነው፤ አገሩ ይከፍላል። ሁለት አገር ስለሆነ ሁለቱ በእኩል አንድ በሬ ገዝተው እንዲሰጡ ተወሰነ። ይህም ያለ ክርክር ተጻፈ። ክርክሩ የመጣው ማን ይቅደም ሲባል ነው፤ እርሱም ክርክር አይባልም፤ እንግዳ ተቀባይነት ነበር።

«የታችኛው ይቅደም» አሉ የላይኛው ገዥ። «ክብሩ የእናንተ ነው።»

«ኧረ በእግዜር፣ ቀኛዝማች። እርስዎ ሳሉ እኛ?»

«አይሆንም፣ ይቅደሙ።»

«እኔ ቀድሜማ ነውር ነው።»

እንዲህ ሲባባሉ ጥላው ከወይራው ሥር ወጥቶ ወንዙ ላይ ደረሰ። በመጨረሻ ማንም ሳይቀድም፣ ሁለቱም ባንድ ቀን፣ አዝመራ ከገባ በኋላ በታኅሣሥ እንዲሰጡ ተስማሙ።

ያኔ ሴትዮዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረች።

«በታኅሣሥ በሬ ምን ያደርግልኛል? ዘሩ በሰኔ ነው።»

ሁለቱ ገዥዎች ተያዩ። እውነት እንዳለች ገብቷቸዋል፤ ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ዋርሳዋ ከማዶ ዳገት የተነሣው ይህን ጊዜ ነው። ጋቢውን አጣፍቶ፣ እጅ ነሥቶ፣ ወደ ጠጠሩ ወረደ።

«ጌቶቼ፣ እኔ የታችኛው ሰው ነኝ፤ የአባቴ ርስት ደግሞ በላይኛውም አለ። የሁለታችሁም አሽከር ነኝ። ፈቃዳችሁ ከሆነ፣ በሬው እስኪሰጣት የወንድሜን መሬት እኔ ላርስላት።»

ቀኑን ሙሉ እንዲህ ያለ ሰው ሲፈልጉ እንደዋሉ ፊታቸው ላይ ታየ። የላይኛው ገዥ ወረዱ። የታችኛውም ወረዱ። ከወንዙ መካከል ተገናኝተው ተጨባበጡ፤ ይኸኛውም ያኛውም ዳገት እልል አለ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዘመናት ብዙ ትብብር አይቻለሁ፤ እንዲያ ባለ ፍጥነት የተፈጸመ ግን አላየሁም።

«እቴ፣ ላንች ብዬ ነው» አላት ዋርሳዋ።

«ለራስህ ብለህ ቢሆን ኖሮስ ምን ልታደርግ ነበር?» አለችው።

«ደግሞ ያለ ወረቀት ሞፈር አላሳርፍም። ሕግ እፈራለሁ» አለ ዋርሳዋ፣ ወደ ጸሐፊዎቹ ዞሮ።

«ይጻፍልሃል» አለ የታችኛው ጸሐፊ።

ጻፍኩ። የሚነገረኝን ነው የምጽፈው። ሁለቱ ገዥዎች ማኅተማቸውን አወጡ፤ ማን በቀኝ ማን በግራ ያትማል በሚለው ላይ ትንሽ ቆይተው፣ አንዱ ከላይ ሌላው ከታች እንደ ወረዳቸው አቀማመጥ አተሙ። ዋርሳዋ ጣቱን ቀለም ነክሮ አኖረ።

«አንችም ነይ» አላት የላይኛው ጸሐፊ።

ሴትዮዋ ከኩሬው ዳር አልተንቀሳቀሰችም። «እኔ የማኖረው ጣት የለኝም» አለች። «የአያ በሬ ከእርሻው ሲፈታ ከኔው ጋር አቀናጅቼ፣ ዘግይቼም ቢሆን አርሳለሁ። መሬቴን ለማንም አልሰጠሁም።»

«ይኸ ከስምምነቱ ውጭ ነው።»

«እኔም ከስምምነቱ ውጭ ነኝ» ብላ ሽቅብ ወደ ቤቷ መንገድ ጀመረች።

የላይኛው ጸሐፊ ብዙ አልተጨነቀም። እርሷ ባትፈርምም ከሁለቱ ወረዳ ያልሆነ ሦስተኛ እጅ፣ የምስክር ፊርማ፣ ከገባበት ወረቀቱ ይጸናል፤ ካልገባበት ግን ወረቀት አይደለም አለ። ብዕሩን ከጠረጴዛው አንሥቶ ወደኔ ዘረጋ።

«አንች ፈርሚ።»

«ሴት ሦስተኛ እጅ ትሆናለች ወይ?» አለ የታችኛው ጸሐፊ።

«ጽፋ የለም እንዴ?»

«መጻፍ ሌላ፣ መመስከር ሌላ።»

«የትኛው ሕግ ላይ ነው?»

«የትኛው ሕግ ላይ ነው ያልተከለከለው?»

ጠዋት የተፈጠረው ወንድማማችነት ከጠረጴዛዬ ላይ መሰንጠቅ ጀመረ። ሁለቱ ገዥዎች ምን እንደሆነ ሊሰሙ ከየወንበራቸው ዘንበል አሉ። ዋርሳዋ አንዴ ወደ አንዱ ጸሐፊ፣ አንዴ ወደ ሌላው ያያል። ብዕሩን ተቀብዬ፣ ሳልፈርም ከጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ነጠላዬን አስተካክዬ፣ እጅ ነሥቼ፣ ከሴትዮዋ ኋላ ዳገቱን ወጣሁ።